በዊንጌት ሪፍ የሰመጠችው «ኡምብሪያ»፤ የጠላቂው ጉብኝትና የመሐንዲሱ ኃላፊነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከፖርት ሱዳን ወደብ መግቢያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ዊንጌት ሪፍ በሚባለው የኮራል ቋጥኝ ጥግ፣ አንዲት ትልቅ መርከብ በግራ ጎኗ ተኝታ ትገኛለች። ስሟ «ኡምብሪያ» ይባላል። ከሰመጠች ከ80 ዓመት በላይ ሆኗታል። በጭነት ክፍሎቿ ውስጥ ተደርድሮ የቀረው ዋናው ዕቃ የአውሮፕላን ቦምብ ነው። በዓለም ላይ የሰመጡ መርከቦች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን አየር በጀርባው ተሸክሞ የሚጠልቅ ሰው በቀላሉ ሊደርስባት የሚችል፣ ጭነቷም እንደተጫነ የቆየ፣ ከአንድ የወደብ ከተማም እንዲህ የቀረበች መርከብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ሦስት ነው። አንደኛ፣ መርከቢቱ ከወዴት እንደመጣችና ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር ምን እንደሚያገናኛት ማስረዳት፤ ሁለተኛ፣ ሰው ወደ እርሷ ሊወርድ የቻለው በምን ዓይነት የፊዚክስ ዕውቀትና መሣሪያ እንደሆነ መግለጽ፤ ሦስተኛም፣ ሆዷ ፈንጂ የሞላባትን መርከብ በተመለከተ ከመሐንዲስ የሚጠበቀው ፍርድ ምን ዓይነት እንደሆነ መመርመር ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ) መርከቢቱና ጭነቷ

ኡምብሪያ የተሠራችው በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ በ1911 ሲሆን፣ የመጀመሪያ ስሟ «ባያ ብላንካ» ነበር። ርዝመቷ 150 ሜትር ያህል፣ ግዝፈቷም ወደ 10,000 ቶን የሚጠጋ ነበር። በዚያ ዘመን የመርከብ ብረት በብየዳ የሚያያዝበት ጥበብ ገና ስላልተስፋፋ፣ ሰሌዳዎቿ በሪቬት ምስማር የተጣበቁ ናቸው። ሥራዋም በአውሮፓና በደቡብ አሜሪካ መካከል ተጓዦችንና ዕቃ ማመላለስ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአርጀንቲና እጅ ቆይታ፣ በ1935 የኢጣሊያ መንግሥት ገዛትና ኡምብሪያ ብሎ ሰየማት።

የግዢው ዓመት ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በዚያው ዓመት፣ ማለትም በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። ለዚህም ወረራ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወታደር፣ ካሚዮን፣ በቅሎ፣ ሲሚንቶ፣ ቤንዚንና ጥይት በስዊዝ ቦይ አልፎ ምጽዋ መራገፍ ነበረበት። እንዲህ ያለውን ጭነት ለማጓጓዝ ኢጣሊያ የነበሯት መርከቦች ስላልበቋት ከየአገሩ አሮጌ መርከብ ትገዛ ነበር። ኡምብሪያም ወታደር ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ካመላለሱት አንዷ ሆነች። ስለዚህ ይህች መርከብ በኢትዮጵያ ላይ የተዘመተው ጦርነት ከእነ ማጓጓዣው ምን ይመስል እንደነበር የምትመሰክር ዕቃ ናት።

በ1940 የግንቦት ወር ላይ ኡምብሪያ እንደገና ወደ ደቡብ ስትጓዝ፣ የተጫነችው ከ5,000 ቶን በላይ የሆነ የአውሮፕላን ቦምብ፣ በሣጥን የታሸገ የፈንጂ ማስነሻ (ዲቶኔተር)፣ ብዙ ሲሚንቶ፣ ልዩ ልዩ ሸቀጥ፣ እንዲሁም ሦስት የፊያት 1100 አውቶሞቢሎች ነበር። የቦምቦቹ ቁጥር 360,000 ያህል እንደሆነ በሰፊው ተጽፏል። ክብደቱን ለቁጥሩ ብናካፍል አማካዩ ወደ 15 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ከዚህም የምንረዳው አብዛኛው ጭነት ትንንሽ ቦምብ እንደነበረ ነው። እንዲህ ያለው ቦምብ የሚጣለው በምሽግ ላይ ሳይሆን በሰው፣ በከብትና በመንደር ላይ ነው።

መርከቢቱ በሰኔ መጀመሪያ ፖርት ሳይድ ስትደርስ እንግሊዞች የጭነቷን ዓይነት ያውቁ ነበር። ነገር ግን ኢጣሊያ ገና ወደ ጦርነቱ ስላልገባች፣ በ1888 በተፈረመው ውልም የስዊዝ ቦይ ለሁሉም መርከብ ክፍት መሆን ስላለበት፣ ሊይዟት ሕጋዊ ምክንያት አልነበራቸውም። ማድረግ የቻሉት ጉዞዋን በልዩ ልዩ ሰበብ ለጥቂት ቀናት ማጓተት ብቻ ነበር። ቦዩን አልፋ ወደ ፖርት ሱዳን አካባቢ ስትደርስ፣ «ግሪምስቢ» የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ አስቁማ በዊንጌት ሪፍ አጠገብ መልሕቅ እንድትጥል አዘዘቻት። የእንግሊዝ ባሕርተኞችም ተሳፍረው ፍተሻ ጀመሩ።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. (10 ጁን 1940) ካፒቴኑ ሎሬንሶ ሙዬሳን በክፍሉ ውስጥ ሬዲዮ ሲያዳምጥ፣ ኢጣሊያ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር በጦርነት ላይ መሆኗን ሰማ። በመርከቢቱ ላይ የነበሩት እንግሊዞች ግን ገና አልሰሙም። ካፒቴኑ ምሥጢራዊ ጽሑፎቹን አቃጠለ፤ ዋናውን መካኒክና ምክትሉን ጠርቶ መርከቢቱን እንዲያሰምጡ አዘዘ፤ ለእንግሊዞቹም ሠራተኞቹ የነፍስ አድን ጀልባ ልምምድ እንደሚያደርጉ ነገራቸው። ለሞተር ማቀዝቀዣና ለሚዛን ውኃ ተብለው የተሠሩት የታችኛው ክፍል ቫልቮች ተከፈቱ። ነገሩ ሲገለጥ ውኃው ከሚገታበት ደረጃ አልፎ ነበርና፣ እንግሊዞቹም ራሳቸውን ከማዳን በቀር አማራጭ አላገኙም። ኡምብሪያ ቀስ እያለች ወደ ግራ ጎኗ አዘንብላ ሰመጠች። ካፒቴኑም በምርኮ ወደ ሕንድ ተወሰደ።

ካፒቴኑ ይህን ያደረገው ጭነቱ በእንግሊዝ እጅ እንዳይገባ ነው። ሆኖም ሥራው እርሱ ያላሰበው ሌላ ውጤትም ነበረው። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪቃ የነበረው የኢጣሊያ ጦር ከአገሩ በባሕር የሚመጣለት ስንቅና መሣሪያ ተቋረጠበት፤ የጠፋ ቦምብ የሚተካ አልነበረም። በጎጃም፣ በሸዋና በበጌምድር ዱር ቤቴ ብለው ይዋጉ በነበሩት አርበኞች ላይ የሚበሩት አውሮፕላኖች መጠቀም የሚችሉት በመጋዘን የነበረውን ብቻ ሆነ። ድል የተገኘው በአርበኞቹ ተጋድሎና በዘመቻው ነው እንጂ በአንድ መርከብ መስመጥ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በዊንጌት ሪፍ የተደረደረው እያንዳንዱ ቦምብ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሳይወርድ የቀረ መሆኑ የሚዘነጋ አይደለም።

ለ) ሰው በጥልቅ ውኃ ውስጥ

የኡምብሪያ ጥልቁ ክፍል 35 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ወደ ላይ የቀረው ቀኝ ጎኗ ግን ከውኃው ገጽ ጥቂት ሜትር ብቻ ዝቅ ያለ ነው። ይህ ልክ ለመሐንዲስ ጆሮ ትንሽ ይመስላል። አንድ መካከለኛ የግድብ ግንብ ከዚህ ይበልጣል። ለሰው አካል ግን በእያንዳንዱ 10 ሜትር አንድ አትሞስፌር ግፊት ይጨመርበታል። በ30 ሜትር ላይ አጠቃላዩ ግፊት 4 አትሞስፌር ነው። ጠላቂው በዚያ ጥልቀት ሳምባውን ለመሙላት በገጸ ባሕር ላይ ከሚያስፈልገው አየር አራት እጥፍ ያስፈልገዋል፤ አየሩም ልክ በዙሪያው ባለው ውኃ ግፊት መጠን ሊሰጠው ይገባል። ከዚያ ካነሰ ደረቱን ከፍቶ መተንፈስ አይችልም።

ይህን ችግር የፈታው መሣሪያ በ1943 ሥራ ላይ ዋለ። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባለው መሐንዲስ በጋራ የሠሩት ሬጉላተር ነው። የሚያስገርመው የመሣሪያው አመጣጥ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ቤንዚን ጠፍቶ አውቶሞቢሎች በጋዝ እንዲሠሩ ሲገደዱ፣ ጋኛን ለሞተሩ የሚያስፈልገውን ያህል ጋዝ ብቻ የሚለቅ ቫልቭ ሠርቶ ነበር። ጠላቂውም እንደ ሞተሩ ሁሉ ሲስብ ብቻ የሚከፈት፣ ሲያቆም የሚዘጋ መሣሪያ ያስፈልገው ነበርና ቫልቩ ለዚህ ተሻሻለ። በአንድ የሥራ መስክ የተገኘ መፍትሔ ለሌላው መስክ እንደሚያገለግል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

አሁን አንድ ቀላል ስሌት እናድርግ። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር እስከ 200 አትሞስፌር ቢሞላ 2,400 ሊትር አየር ይኖረዋል። በእርጋታ የሚሠራ ሰው በደቂቃ 20 ሊትር ቢተነፍስ፣ በገጸ ባሕር ላይ 120 ደቂቃ ያቆየዋል። በ30 ሜትር ላይ ግን በደቂቃ 80 ሊትር ስለሚወስድ 30 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ከዚህም ላይ ሲሶው ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ሆኖ መቅረት ስላለበት፣ ለሥራ የሚተርፈው 20 ደቂቃ ነው።

የጊዜው ገደብ ግን ከአየር ብቻ የሚመጣ አይደለም። በግፊት ስር የሚተነፈሰው ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ጠላቂው በችኮላ ሲወጣ፣ ቡሽው ተነቅሎ አረፋ እንደሚወረውር የለስላሳ ጠርሙስ፣ የተሟሟው ናይትሮጅን በአካሉ ውስጥ አረፋ ይሆናል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ያሽመደምዳል፣ ይገድላልም። ይህ በሽታ በመጀመሪያ በሰፊው የታወቀው በጠላቂዎች ሳይሆን በድልድይ ሠራተኞች ላይ መሆኑን የማኅበራችን አባላት ልብ ሊሉት ይገባል። በሴንት ሉዊስ ከተማ፣ በ1874 የተመረቀው የኢድስ ድልድይ መሠረት የታመቀ አየር በተሞላ ኬሶን ውስጥ ሲቆፈር ከ10 በላይ ሠራተኞች በዚህ በሽታ ሞቱ። የብሩክሊን ድልድይ ዋና መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግም በ1872 በዚሁ ተመትቶ፣ ድልድዩ በ1883 እስኪጠናቀቅ ድረስ ሥራውን ከቤቱ ሆኖ በባለቤቱ በኤሚሊ አማካይነት መርቷል። መፍትሔው የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1908 ጆን ስኮት ሃልዴንና ባልደረቦቹ በፍየሎች ላይ ባደረጉት ምርመራ መሠረት፣ ግፊቱ በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ በቶሎ መውጣት እንደሚቻል፣ ከዚያ በኋላ ግን በየደረጃው እያረፉ መውጣት እንደሚያስፈልግ አስረዱ። በዚህ ሕግ፣ ከ10 ሜትር፣ ማለትም ከ2 አትሞስፌር፣ በቀጥታ መውጣት ይቻላል፤ በ30 ሜትር ላይ ብዙ የቆየ ሰው ግን 10 ሜትር ላይ ቆም ማለት አለበት። ሠንጠረዦቹ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽለዋል፤ የመነሻው አሳብ ግን ያው ነው።

በኡምብሪያ ላይ ከጠለቁት የመጀመሪያዎቹ ታዋቂ ሰዎች አንዱ ኦስትሪያዊው ሐንስ ሐስ ነው። በ1949 ወደ ፖርት ሱዳን መጥቶ መርከቢቱን ሲጎበኝ የተጠቀመበት መሣሪያ፣ ንጹሕ ኦክሲጅን እየሰጠ የተተነፈሰውን መልሶ የሚያጣራ ነበር። ንጹሕ ኦክሲጅን ከጥቂት ሜትር በታች መርዝ ስለሚሆን፣ ይህ መሣሪያ ጥልቁን አያስደፍርም፤ የመርከቢቱ ጎን ወደ ላይ መቅረቡ ለእርሱ ዕድል ሆነለት። ከዚያም በ1963 ኩስቶ ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን በሻዓብ ሩሚ፣ በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ቤት አቁሞ ሰዎች አንድ ወር ያህል በውኃ ውስጥ እንዲኖሩ አደረገ። በዚህም የሱዳን ዳርቻ በውኃ ውስጥ ሥራ ታሪክ የራሱ ቦታ አለው።

ሐ) ጠላቂው የሚያየው

ወደ ኡምብሪያ የሚወርድ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው፣ የነፍስ አድን ጀልባዎች ይወርዱባቸው የነበሩትን ጎባጣ የብረት ክንዶች ነው። ከውኃው ገጽ አጠገብ በኮራልና በስፖንጅ ተሸፍነው ቆመዋል። መርከቢቱ በጎኗ ስለተኛች፣ ግድግዳው ወለል፣ ወለሉም ግድግዳ ሆኗል። የኮሪደሮቹ እንጨት በባሕር ትል ተበልቶ ስላለቀ የብረት አግዳሚዎቹ ብቻ ቀርተዋል፤ ብርሃን በመካከላቸው እየተሰነጠቀ ይገባል። ወደ ኩሽናው የሚገባ ምድጃውንና የዳቦ መጋገሪያውን ያያል።

የጭነት ክፍሎቹ ይበልጥ የሚያስተምሩ ናቸው። በአንደኛው ሦስቱ ፊያቶች ይገኛሉ፤ መሪያቸውና ጎማቸው ይለያል። በሌላው የሲሚንቶው ጆንያዎች አሉ። ሲሚንቶ በውኃ ውስጥ እንደሚጠነክር የምናውቅ ሰዎች ልናስበው እንደምንችለው፣ ጆንያው በስብሶ ሲጠፋ ሲሚንቶው የጆንያውን ቅርጽ፣ እጥፋቱንና ስፌቱን ሳይቀር ይዞ ድንጋይ ሆኗል። ሕንፃ ሊሠራበት የነበረው ሁሉ በአንድ ሌሊት የራሱ ሐውልት ሆኖ ቀረ። የወይን ጠርሙሶች፣ የአውሮፕላን ጎማዎችና የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅሎችም አሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቦምቦቹን ማየት ነው። ረድፍ በረድፍ፣ ደርብ በደርብ ሆነው፣ የመርከብ ጫኚዎች እንዳስቀመጧቸው ተደርድረዋል። ደለል ለብሰዋል፤ ቅርጻቸው ግን አልጠፋም። ጠላቂው በላያቸው ሲያልፍ የሚወጣው የአየር አረፋ ወደ ጣሪያው ሄዶ የዝገት ቅንጣት ያራግፋል። ብልህ የሆነ መሪ ጎብኝዎቹን አንድ ነገር አጥብቆ ያስጠነቅቃል፤ ምንም አትንኩ፣ ምንም አታንሡ። አደጋው የቦምቡ ብቻም አይደለም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደለሉ ቢነሣ መውጫው ይጠፋል፤ ከላይ የተሰላው 20 ደቂቃም አይጠብቅም።

መ) ሦስቱ መንገዶች

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። እንዲህ ያለች መርከብ ምን ይደረጋት? የሚታሰቡት መንገዶች ሦስት ናቸው። ጭነቱን ማውጣት፣ በቦታው ማፈንዳት፣ ወይም ሳይነኩ መተው።

በመጀመሪያ ቦምቡ ራሱ ሊመዘን ይገባዋል። የቦምብ ክብደት ሁሉ ፈንጂ አይደለም፤ ሰፊው ክፍል ቅርፊቱ ነው። በውስጡ የሚገኘው ዋናው ፈንጂ፣ ለምሳሌ ቲ.ኤን.ቲ.፣ በውኃ በቀላሉ አይሟሟም፤ ዘመን ስለተቆጠረ ብቻም ኃይሉን አያጣም። ሆኖም በቀላሉ አይነሣም፤ ሊያስነሣው የሚችለው ዲቶኔተር ነው። በኡምብሪያ ላይ ዲቶኔተሮቹ ከቦምቦቹ ተለይተው በሣጥን የተጫኑ ናቸው። ይህ የጭነት ሥርዓት እስከ ዛሬ ድረስ ከተማዋን ከጠበቋት ነገሮች አንዱ ነው። በሌላ በኩል ግን ዲቶኔተር ውስጥ የሚገኙት ኬሚካሎች ከመዳብ ጋር ለብዙ ዘመን ሲቆዩ፣ ከመጀመሪያው ይልቅ በንክኪ የሚቆጡ ውሑዶች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ «አርጅቷልና አይፈነዳም» የሚለው አነጋገር የኬሚስትሪ መሠረት የለውም።

ሁለተኛው ብረቱ ነው። ብረት በባሕር ውኃ ውስጥ፣ በተጋለጠ ገጹ በኩል፣ በዓመት አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ይዝጋል ተብሎ ይገመታል። በ85 ዓመት 8.5 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ በሁለቱም ገጹ ቢዝግ ዛሬ ባልኖረ ነበር። ቀይ ባሕር ደግሞ ሙቅና ከሌላው ውቅያኖስ የበለጠ ጨዋማ ነው፤ በኪሎ ግራም 40 ግራም ያህል ጨው አለው። ታዲያ ኡምብሪያ ለምን ቆመች? ኮራሉና ኖራማው ቅርፊት ኦክሲጅን እንዳይደርስ ስለሸፈናት፣ በውስጥ ክፍሎቿም ውኃው እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ነው፤ መልሕቅ እየጣለ ኮራሉን የሚሰብር ጀልባ፣ ለመታሰቢያ እያለ የሚፍቅ ጎብኚም፣ የመርከቢቱን ዕድሜ ያሳጥራል። ዕድሜዋ ሲያልቅም ጣሪያ የሆነው ጎኗ በቦምቦቹ ላይ ይወድቃል።

አሁን መንገዶቹን እንመዝናቸው። ማውጣትን በሚመለከት ከቅርብ አገር የሚጠቀስ ታላቅ ሥራ አለ። በ1941 ኢጣሊያኖች ምጽዋን ሲለቁ መርከቦቻቸውንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ ዶካቸውን በፈንጂ አሰመጡ። በማግሥቱ ዓመት የተላከው አሜሪካዊ መሐንዲስ ኤድዋርድ ኤልስበርግ፣ ሌሎች አይነሣም ብለው የተዉትን ትልቁን ዶክ በ9 ቀን አነሣው። ሌሎቹ ያሰቡት የታችኛውን ቀዳዳዎች ስለ መድፈን ነበር። እርሱ ግን ቀዳዳዎቹን ትቶ የላይኛውን ክፍል አሳተመና የታመቀ አየር ነፋበት፤ ውኃውም በእነዚያው ቀዳዳዎች ወጣ። የድልድይ ሠሪዎች ኬሶን አሳብ ነው። ይህ ታሪክ ማንኛውንም መሐንዲስ ያነቃቃል፤ ደግሞም ሊያሳስተው ይችላል፤ ምክንያቱም በዶኩ ሆድ ውስጥ የተደረደረ በሺህ የሚቆጠር ቶን ቦምብ አልነበረም።

ለዚህ ማስረጃው «ኪየልስ» የተባለችው የፖላንድ መርከብ ናት። በ1946 ጥይት ጭና በእንግሊዝ ቦይ በፎክስቶን ከተማ ፊት ለፊት ሰመጠች። በ1967 አንድ ድርጅት ሊያነሣት ሲሞክር፣ አካሏን ለመክፈት የተጠመደው ትንሽ ፈንጂ ጭነቱን ቀሰቀሰው። ንዝረቱ በሩቅ አገር በሚገኙ የምድር መንቀጥቀጥ መለኪያዎች ላይ ተመዘገበ፤ በባሕሩ ወለል ላይም 6 ሜትር የሚሆን ጉድጓድ ከፈተ። በከተማው ሰው ሳይሞት የቀረው መርከቢቱ ከዳር ራቅ ብላ ስለነበረ ነው። ኡምብሪያ ለፖርት ሱዳን ያላት ቅርበት እንዲህ ያለውን ሙከራ አያስተናግድም። ከዚህ የተነሣ በቦታው ማፈንዳትም ከምርጫው ይወጣል።

እንግሊዞች ይህን ተምረው ሊሆን ይችላል፣ በ1944 በቴምዝ ወንዝ አፍ ላይ የሰመጠችውን «ሪቻርድ ሞንትጎመሪ» ሳይነኩ መተዉን መርጠዋል። በውስጧ ወደ 1,400 ቶን የሚጠጋ ፈንጂ ቀርቷል። ነገር ግን አተዋወቸው ዝም ብሎ መተው አይደለም። በዙሪያዋ ክልከላ ተደርጓል፤ በራዳር ትጠበቃለች፤ በየጊዜውም በድምፅ ሞገድ ትለካለች፤ የተሰነጠቀው፣ የዘመመውና የሳሳው ሁሉ ይመዘገባል። በሌላ በኩል ጀርመን በባልቲክ ባሕር የተጣለውን የጦርነት ዘመን ጥይት በርቀት በሚታዘዙ የውኃ ውስጥ መኪናዎች የማውጣት ሙከራ በ2024 ጀምራለች። ይህ የሚያመለክተው ነገር አለ፤ ያ ጥይት በባሕር ወለል ላይ የተበተነ እንጂ በዘመመ መርከብ ውስጥ የታመቀ አይደለም፤ ቢሆንም ሰው ሳያስጠጉ መሥራት እየተቻለ መምጣቱን ያሳያል። ዛሬ የማይቻለው ከ20 ዓመት በኋላ ይቻል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ለመወሰን ግን የዛሬው ልክ ተጽፎ መገኘት አለበት።

ስለዚህ የሚመረጠው መንገድ ሦስተኛው፣ ያውም በተሟላ መልኩ ነው፤ አለመንካትና መለካት። ለዚህ የሚያስፈልገው እጅግ ከባድ መሣሪያ አይደለም። የመርከቢቱን ቅርጽ በድምፅ ሞገድና በፎቶግራፍ መመዝገብ፣ በተመረጡ ነጥቦች የብረቱን ውፍረት በየጊዜው መለካት፣ ለጎብኚ ጀልባዎች ቋሚ ማሰሪያ ተክሎ መልሕቅ መከልከል፣ ዕቃ ማንሣትን በቅጣት ማገድ፣ የውኃውንና የዓሣውን የፈንጂ ቅሪት መመርመር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው አባባል ለዚህ የተባለ ይመስላል።

ይህን ሊሠራ የሚገባው አገር ግን በጭንቅ ላይ ነው። በኤፕሪል 2023 በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ መንግሥቱ በዚያው ዓመት ወደ ፖርት ሱዳን ተዛወረ፤ ብዙ ሺህ ተፈናቃይም በከተማዋ ተጠለለ። በሜይ 2025 ከተማዋና መጋዘኖቿ በሰው አልባ አውሮፕላን ተደበደቡ። እንዲህ ባለ ጊዜ በባሕር ስር ያለን የብረት ውፍረት የሚለካ ሰው አይገኝም። ዝገቱ ግን ጦርነት አለ ብሎ ሥራውን አያቋርጥም።

ሠ) ማጠቃለያ

በ2001 በዩኔስኮ የጸደቀው በውኃ ውስጥ ያለን ቅርስ የሚጠብቀው ውል፣ በ2009 በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ 100 ዓመት በውኃ ውስጥ የቆየን ነገር ቅርስ ብሎ ይቀበላል፤ ጥበቃውም በቅድሚያ በቦታው እንዲሆን ያዝዛል። ኡምብሪያ 100 ዓመት የምትሞላው በ2040 ነው። ያን ጊዜ በአንድ ወገን ቅርስ፣ በሌላ ወገን ያልተጠናቀቀ የጦርነት አደጋ ሆና ትቆያለች። አርኪዎሎጂስቱ አትንኩ ይላል፤ የከተማዋ ነዋሪ አስወግዱልን ሊል ይችላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። በመካከላቸው ሊቆም የሚችለው፣ ብረቱ ምን ያህል እንደቀረው፣ ጎኑም መቼ ሊወድቅ እንደሚችል በቁጥር ሊናገር የሚችል ባለሙያ ነው።

የሙያ ባልደረቦች ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ቢወስዱ ንግግሩ ግቡን መትቷል። የመጀመሪያው፣ መሐንዲስ የሚመሰገነው በሠራው ብቻ ሳይሆን ሊሠራው ሲችል በተወውም ጭምር መሆኑ ነው፤ መተው ግን ልክ፣ መዝገብና ጠባቂ ከሌለው ቸልታ ይባላል። ሁለተኛው፣ ቦምቡን የሠራው፣ የጫነውና የላከው ሁሉ እንደ ሙያው በሚገባ ሠርቷል፤ ረድፉ እስከ ዛሬ አልተዛነፈም። የሥራው ጥራት ስለ ሥራው ዓላማ የሚመልሰው ጥያቄ የለም። በዊንጌት ሪፍ ስር የተደረደረውን ያየ ጠላቂ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ እኛ በደረቅ መሬት የምንሠራው ግን በየሥዕላችንና በየስሌታችን ልናስታውሰው ይገባል።